ከሩዝ ሻጋታ የወጣው ኪኒንና የጋሼ መሳቢያ

በፋሲካ ማግስት አጎቴ ቤት ሄድኩ። ጋሼ ስኳር ከያዛቸው አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። «እስቲ መነጽሬን ከዚያ መሳቢያ አቀብለኝ» አሉኝ። ከፈትኩት። መነጽሩ የለም። ያልተነኩ ሦስት ፓኬት ኪኒኖች ግን ተደርድረው ተቀምጠዋል። አቶርቫስታቲን፣ ባለ 20 ሚሊግራም።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ? የኮሌስትሮል ነው። ትቼዋለሁ።»

«ማን ተው አለዎት?»

«ማንም። ኮሌስትሮልህ ኖርማል ነው ተባልኩ፤ ታዲያ የምን ኪኒን ነው? ደግሞ ስኳር ያመጣል ይላሉ። ያለኝ አይበቃኝም? እግሬንም ሲቆረጥመኝ ያድራል።» ትንሽ ዝም አሉና ጨመሩ፤ «አሁን ነጭ ሽንኩርት ጀምሬያለሁ። እሱ ተፈጥሮ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ንግግር ታክሲ ውስጥም ሰምቼዋለሁ፣ ለቅሶ ቤትም ሰምቼዋለሁ፣ ፋርማሲ ወረፋ ላይም ሰምቼዋለሁ። ስለ ነገሩ ማንበብ የጀመርኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጋሼን ለመርታት ነበር። ሳነብ ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። ጋሼ ከደረደሯቸው ምክንያቶች አንዱም ፍጹም ውሸት አይደለም። እያንዳንዱ ውስጥ አንዲት የእውነት ቁራጭ አለች። ሰውን ኪኒኑን የምታስጥለውም ያቺ ቁራጭ ናት። ትልቁ ስህተት ደግሞ ከስሙ ይጀምራል። «የኮሌስትሮል ኪኒን» ብለን ጠራነው። ስኳር ላለበት ሰው ግን ይህ ኪኒን የሚታዘዘው ለልቡ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ብንይዘው ይሻላል። ሥሩ ደግሞ ሩዝ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው።

አኪራ ኤንዶ እ.ኤ.አ. በ1933 በሰሜን ጃፓን፣ አኪታ በሚባል አካባቢ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ተማሪ ሳሉ የአሌክሳንደር ፍሌሚንግን የሕይወት ታሪክ አነበቡ። ፔኒሲሊንን ከሻጋታ ያገኘው ሰው ማለት ነው። ልባቸው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሻጋታ ላይ ቀረ።

በ1957 ሳንክዮ የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ሥራቸው ከልብም ከደምም ጋር አይገናኝም፤ ስለ ጭማቂ ነበር። የፍራፍሬ ጭማቂን የሚያጠራ ኢንዛይም ፈልግ ተባሉ። ከሁለት መቶ በላይ ሻጋታ ሞከሩና ወይን ላይ ከሚበቅል አንዱ አገኙት። ኩባንያው አተረፈበት። እሳቸውንም በምላሹ አሜሪካ ሄደው እንዲመራመሩ ለቀቃቸው።

ከ1966 እስከ 1968 ኒውዮርክ፣ ብሮንክስ ውስጥ ኖሩ። ሁለት ነገር ገረማቸው። አንደኛ፣ የሱሞ ታጋይ የሚያክሉ ሰዎች መንገድ ላይ እንደ ዋዛ ይሄዳሉ። ሁለተኛ፣ በሰፈራቸው ብቻቸውን የሚኖሩ ብዙ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አንዱ ልቡን ሲያመው አምቡላንስ እየመጣ ይወስደዋል። ይህን ደጋግመው አዩ። በዚያን ጊዜ ኮሌስትሮል የልብን ደም ሥር እንደሚደፍን ሐኪሞች ይናገሩ ነበር። ደህና አድርጎ የሚቀንስ መድኃኒት ግን አልነበረም።

አብዛኛው ሰው ኮሌስትሮል ከምግብ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ክትፎ ስትበላ ይገባል፣ ስትጾም ይወጣል። አብዛኛውን የሚሠራው ግን ሰውነታችን ራሱ ነው፤ በተለይ ጉበት። ብዙ ደረጃ ያለው ሥራ ነው። ከደረጃዎቹ መካከል የፍጥነቱን ልክ የሚወስን አንድ ኢንዛይም አለ። ቧንቧ ላይ እንዳለ መክፈቻ በሉት። እሱን ጠበቅ ካደረግከው ምርቱ ይቀንሳል።

ኤንዶ እንዲህ አሰቡ። ሻጋታ እግር የለውም፤ አይሸሽም። ከሌሎች ጥቃቅን ሕያዋን ጋር የሚዋጋው በኬሚካል ነው። ከነዚያ ጠላቶቹ ብዙዎቹ የሕዋሳቸውን ሽፋን የሚያበጁት በኮሌስትሮል ዘመዶች ነው። ስለዚህ አንድ ቦታ፣ አንድ ሻጋታ፣ ያንን መክፈቻ የሚዘጋ መርዝ ሳይኖረው አይቀርም። ማረጋገጫ አልነበራቸውም። ግምት ነው።

በ1971 ጀመሩ። ወደ 6,000 የሚጠጋ የሻጋታና የፈንገስ ዝርያ አንድ በአንድ ተፈተሸ። መጀመሪያ ተስፋ የሰጠው የአይጦችን ኩላሊት የሚጎዳ ሆነ፤ ተጣለ። በ1973 ከኪዮቶ የእህል መደብር ከመጣ ሩዝ ላይ የተገኘ ሻጋታ የሚፈልጉትን ሰጣቸው። እንጀራ ሲሰነብት እንደሚያወጣው ዓይነት አረንጓዴ ነገር ነው፤ ከፔኒሲሊን ሻጋታ ጋር ዘመድ ነው። የወጣው ቅመም በኋላ ኮምፓክቲን ተባለ። የጋሼን አቶርቫስታቲን ጨምሮ፣ ስታቲን የሚባሉት የዛሬዎቹ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ሁሉ ታላቅ ወንድም እሱ ነው።

ለአይጥ ሰጡት። ምንም። መጠኑን ጨመሩ። አሁንም ምንም። የአይጦቹ ኮሌስትሮል ፍንክች አላለም።

እዚህ ላይ ብዙ ፕሮጀክት ይሞታል። የኩባንያ አለቃ «አይጥ ላይ ያልሠራ ሰው ላይ አይሠራም» ሲል ማን ይከራከረዋል? በ1976 ግን ኤንዶ ከላቦራቶሪው አጠገብ ባለ መጠጥ ቤት አንድ የሥራ ባልደረባቸውን አገኙ። ሰውዬው ለራሱ ጥናት እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ያረባል፤ ጥናቱ አልቆ ሊያርዳቸው ነው። ኤንዶ አሰቡ። እንቁላል አስኳሉ በኮሌስትሮል የተሞላ ነው። ይህን ሁሉ የምታመርት ዶሮ ደሟ ውስጥ ብዙ ኮሌስትሮል ሳይኖራት አይቀርም። «ከማረድህ በፊት አውሰኝ» አሉት። መድኃኒቱ ከመኖ ጋር ተደባለቀ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የዶሮዎቹ ኮሌስትሮል በግማሽ ያህል ወርዶ ተገኘ።

በኋላ እንደታወቀው ጥፋቱ የመድኃኒቱ አልነበረም። የአይጥ ደም ሲጀመርም መጥፎ የምንለው ኮሌስትሮል እምብዛም የለውም። ከሌለ ነገር ላይ ምን ይቀነሳል?

በ1978 መጀመሪያ ላይ ኦሳካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። በዘር የሚመጣ ሕመም ነበረባት፤ ኮሌስትሮሏ 1,000 አካባቢ ነው። የጋሼ 168 ነው፤ በዚያ አስቡት። ሐኪሟ አኪራ ያማሞቶ ኮምፓክቲንን ሰጣት። ኮሌስትሮሏ ወረደ፤ ግን ጡንቻዋ ደከመ። አቆሙ። በሌሎች ሕመምተኞች ላይ መጠኑን ዝቅ አድርገው ሲሞክሩት ኮሌስትሮላቸው ወረደ፣ ጉዳቱም አልታየም። ልብ በሉ፤ የጡንቻው ነገር ከመጀመሪያዋ ሕመምተኛ ጀምሮ የታወቀ ነው። ማንም አልደበቀውም።

ከዚያ በ1980 ሳንክዮ ሥራውን አቆመ። ውሾች ላይ በጣም ከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ካንሰር የሚመስል ነገር ታየ ተባለ። ኤንዶ ግን ቀድመው ለቀው የቶኪዮ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀምረው ነበር። መርክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከሌላ ሻጋታ ሎቫስታቲንን አወጣ፤ በ1987 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቀደለት። በአጠቃላይ ስታቲን ከዓለም በጣም ከተሸጡ መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። ኤንዶ ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ቤሳ አላገኙም ይባላል። ኖቤልም አልደረሳቸውም፤ በ2008 ላስከር የሚባለውን ትልቅ የሕክምና ሽልማት አግኝተዋል። በሰኔ 2024 በ90 ዓመታቸው አረፉ። ዜናው እኛ ጋ ብዙም አልተነሳም።

ኪኒኑ ደም ውስጥ ያለውን ስብ እንደ ሳሙና የሚያጥብ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንደዚያ አይደለም። ይህን የገለጡት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን የሚባሉ የዳላስ ሐኪሞች ናቸው፤ በ1985 ኖቤል ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። የጉበት ሕዋስ ላይ እንደ እጅ የሚያገለግሉ ተቀባዮች አሉ። ከሚያልፈው ደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤልን፣ እየያዙ ያስገባሉ። ስታቲን የጉበቱን የራሱን ምርት ሲቀንስበት ጉበቱ ይራባል። ሲራብ ተጨማሪ እጅ ያወጣል። እጁ ሲበዛ ከደም የሚለቅመው ይበዛል። ቤቱ ጤፍ ያለቀበት ሰው ገበያ እንደሚወጣ ማለት ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ሙግት።

«ኮሌስትሮሌ ኖርማል ነው።» እውነት ነው፤ ወረቀቱን አይቼዋለሁ። ጠቅላላ 168፣ ከጎኑ «ከ200 በታች» የሚል። ግን ስኳር ያለበት ሰው ደም ለየት ይላል። ብዙ ጊዜ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ስብ ከፍ ይላል፤ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ኤችዲኤል፣ ዝቅ ይላል። መጥፎው ደግሞ ድምሩ መካከለኛ ሆኖ ሳለ ቅንጣቶቹ ደቃቅና ብዙ ይሆናሉ። ደቃቅ ሲሆኑ የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ መሽገው ለመቀመጥ ይመቻቸዋል። ድምሩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን አያይም።

በ2015 በአገራችን በተደረገ ሰፊ የጤና ቅኝት ጠቅላላ ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለው ሰው ከሃያ አንድ ገደማ ነበር። ጥሩው ኮሌስትሮሉ ዝቅ ያለው ግን ከግማሽ በላይ ነው። የኛ ሰው ደም «ኖርማል» የሚል ወረቀት ይዞ የሚወጣው ለዚህም ጭምር ነው። (ጥሩው ማነሱ የአደጋ ምልክት ነው እንጂ፣ እሱን ለማሳደግ የተሠሩ መድኃኒቶች ልብን አላዳኑም። ይህ ሌላ ረጅም ታሪክ ነው።)

ደግሞ ሐኪሙ የሚያየው አንዷን ቁጥር አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው የልብና የደም ሥር ሕመም ዕድሉ ስኳር ከሌለበት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። የስኳር ሕመምተኛን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ልብና ስትሮክ ነው። ጋሼ በየጠዋቱ ጣታቸውን እየወጉ ስኳራቸውን ይለካሉ፤ ልባቸውን ግን ማንም አይለካላቸውም።

በዚህ ላይ የተሠራ ጥናት አለ። በ2004 የታተመ ነው፤ ብሪታንያና አየርላንድ ውስጥ 2,838 ሰዎች ገቡበት። ሁሉም ሁለተኛው ዓይነት ስኳር ያለባቸው፣ የልብ ሕመም ግን ኖሯቸው የማያውቅ፣ ኤልዲኤላቸውም ያን ያህል ያልናረ ነበሩ። ጋሼን የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን ወሰዱ፤ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ ኪኒን። ጥናቱ ከታቀደለት ሁለት ዓመት ቀድሞ ቆመ። ለምን ቢባል፣ ልዩነቱ ስለጎላ ባዶውን መስጠት ነውር ሆነ። መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ በ37 ከመቶ ቀንሶ ነበር፤ ስትሮክ ደግሞ በግማሽ ያህል።

ከዚያ በፊት በ1994 የስካንዲኔቪያ ሐኪሞች 4,444 ልባቸውን ያመማቸውን ሰዎች ከአምስት ዓመት በላይ ተከታትለው ነበር። ባዶ ኪኒን ከወሰዱት 256 ሞቱ፤ ሲምቫስታቲን ከወሰዱት 182። ሁለቱ ወገኖች በቁጥር እኩል ነበሩ ማለት ይቻላል። 74 ሰው። እኔ መቶኛ ብዙም አይገባኝም፤ 74 ሰው ግን ይገባኛል። አንድ የአንበሳ አውቶቡስ ጢም ብሎ ሲሞላ ነው።

የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ዛሬ ስኳር ላለበትና ዕድሜው ከ40 እስከ 75 ለሆነ ሰው፣ ልቡን አሞት ባያውቅም፣ መካከለኛ መጠን ያለው ስታቲን እንዲሰጠው ይመክራል። የጋሼ 20 ሚሊግራም እዚያ ውስጥ ነው። ሐኪማቸው ኮሌስትሮላቸውን ተሳስቶ አላነበበም። ምናልባት ለማስረዳት ጊዜ አላገኘም። በር ላይ አርባ ሰው ቆሞ ምን ያህል ይወራል?

«ስኳር ያመጣል።» ይህም ባዶ ወሬ አይደለም። በ2010 ተመራማሪዎች 13 ጥናቶችን አንድ ላይ ደመሩ፤ 91,140 ሰው ማለት ነው። በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ ስታቲን ከወሰዱት 2,226 ሰዎች ስኳር ያዛቸው። ካልወሰዱት 2,052። ልዩነት አለ። የአሜሪካው ባለሥልጣንም በ2012 ይኸው በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ እንዲጻፍ አዘዘ። ስሌቱ ግን እንዲህ ይላል። 255 ሰዎች ስታቲንን አራት ዓመት ቢወስዱ፣ በዚያ ምክንያት አንድ ተጨማሪ ሰው ስኳር ይይዘዋል። በዚያው ጊዜ ከነዚያው ሰዎች መካከል አምስት ያህል ከባድ የልብ አደጋ ይቀራል። ያ አንዱ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞውኑ ስኳር ደፍ ላይ የቆመ ነው።

ጋሼ ደግሞ ደፉን ካለፉ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ስኳር ሁለት ጊዜ አይያዝም። የስኳራቸው ልኬት ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ እሱን ሜትፎርሚኑ፣ የስኳር ኪኒናቸው፣ ይይዘዋል። ነገሩ የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። «ስኳር ያመጣል» የሚለው ወሬ ኪኒኑን በብዛት የሚያስጥለው ስኳር የያዘውን ሰው ነው። ከሁሉም የሚጠቀመውን።

«እግሬን ይቆረጥመኛል።» በዚህ ላይ የተሠራውን ጥናት ሳነብ ሳቅኩ፤ ከዚያ አሰብኩበት። ለንደን ውስጥ፣ ኢምፔሪያል ኮሌጅ፣ ስታቲን ሰውነቴን አመመኝ ብለው ያቆሙ 60 ሰዎች ተጠሩ። ውጤቱ በ2020 ታተመ። ለእያንዳንዳቸው አሥራ ሁለት ጠርሙስ ተሰጠ፤ ለየወሩ አንድ። አራቱ ስታቲን ያለበት፣ አራቱ ባዶ ኪኒን ያለበት፣ አራቱ ምንም የሌለበት። ስታቲኑን ከባዶ ኪኒኑ መለየት አይቻልም። ሰዎቹ በየቀኑ የሕመማቸውን መጠን ከዜሮ እስከ መቶ በስልካቸው ይመዘግባሉ። ምንም ባልዋጡበት ወር አማካዩ 8 ነበር። ስታቲን በዋጡበት 16.3። ባዶውን በዋጡበት ደግሞ 15.4።

አንብቡት እንደገና። ሕመሙ የውሸት አይደለም፤ በእጥፍ ጨምሯል። ግን ዘጠኝ አሥረኛው የመጣው ኪኒን ከመዋጥ ነው እንጂ ኪኒኑ ውስጥ ካለው ነገር አይደለም። «ይሄ ኪኒን እግር ይቆረጥማል» ተብሎ የተነገረው ሰው እግሩን ያዳምጣል። ያዳመጡት እግር ደግሞ ያወራል። ውጤቱን በየራሳቸው ካዩ በኋላ ከሰዎቹ ግማሾቹ ኪኒኑን መልሰው ጀመሩ።

የጋሼ እግር ላይ ሌላም ነገር አለ። አሥራ አንድ ዓመት የቆየ ስኳር ነርቭ ይጎዳል። ማታ ማታ ማቃጠልና መቆርጠም ያመጣል። ደም በደንብ ያልደረሰው እግርም ያማል። ሦስቱን መለየት የሐኪም ሥራ ነው። አልፎ አልፎ በእርግጥ ስታቲን ጡንቻ የሚጎዳበት ጊዜ አለ። ሴሪቫስታቲን የሚባለው ስታቲን በዚሁ ምክንያት በ2001 ከገበያ ወጥቷል። ከባድ የጡንቻ ሕመም ከመጣ፣ ሽንት እንደ ቡና ከጠቆረ፣ ወዲያው መሄድ ነው። ብዙ ጊዜ ግን መጠኑን መቀነስ ወይም ዓይነቱን መቀየር ይበቃል። ኦሳካ ላይም የተደረገው እሱ ነው፤ መጠኑን ዝቅ አደረጉት።

«ነጭ ሽንኩርት ተፈጥሮ ነው።» እዚህ ላይ ታሪኩ ራሱ ያስቃል። ስታቲን ከየት መጣ? ከሩዝ ሻጋታ። በ1979 ኤንዶ ራሳቸው ከሌላ ሻጋታ ሞናኮሊን ኬ የሚባል ነገር አወጡ፤ ከመርክ ሎቫስታቲን ጋር ያው አንድ ሆኖ ተገኘ። ይህ የሻጋታ ዘር ደግሞ ቻይናና ጃፓን ሩዝን ቀይ ለማድረግ ከጥንት ጀምሮ የሚጠቀሙበት ነው። «ቀይ እርሾ ሩዝ» እየተባለ ዛሬም ተፈጥሯዊ የኮሌስትሮል መድኃኒት ነው ተብሎ በኪኒን መልክ ይሸጣል። እና ተፈጥሯዊው ውስጥ ያለው ያው ስታቲን ነው። ልዩነቱ ስንት ሚሊግራም እንዳለበት አለመታወቁ ነው።

በመጋቢት 2024፣ ኤንዶ ሊያርፉ ሦስት ወር ሲቀራቸው፣ ጃፓን ውስጥ ትልቅ ቀውስ ተነሳ። አንድ ኩባንያ «ኮሌስትሮል ይቀንሳል» እያለ የሚሸጠው የቀይ ሩዝ ኪኒን የሰዎችን ኩላሊት ጎዳ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆስፒታል ገቡ፤ ሞትም ተዘገበ። ሲመረመር ምርቱ ውስጥ መኖር የሌለበት ሌላ ሻጋታ ገብቶ መርዝ ሠርቶበታል። ኤንዶ በ1970ዎቹ ኩላሊት የሚጎዳውን ሻጋታ ለይተው የጣሉት እንዲህ ያለው እንዳይደርስ ነበር።

ነጭ ሽንኩርት ኩላሊት አይጎዳም። ይበሉት። ለወጥም ለሽታም ጥሩ ነው። ኮሌስትሮል ላይ ያለው ኃይል ግን ትንሽ ነው፤ ስትሮክን በግማሽ ቀነሰ የሚል ነገር አላየሁም። ተልባውም፣ ጥቁር አዝሙዱም፣ ሺፈራውም እንደዚያው።

አንድ ነገር ጋሼ አላነሱትም፤ ቢያነሱት ይረቱኝ ነበር። «እኔ እኮ ቀጭን ነኝ።» ሲበዛ ቀጭን ናቸው። ይህን የሚመልሰው ታሪክ የራሳችን ሰው ታሪክ ነው። ከ1984 ጀምሮ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሲሄዱ ቀጫጭን ነበሩ። በ1988 ግን በቅርቡ ከገቡት ወጣቶች መካከል ስኳር የያዛቸው ከተጠበቀው በላይ መሆናቸውን የሚያሳይ ጥናት በአንድ የስኳር ሕክምና መጽሔት ወጣ። ከዚያ ወዲህም እዚያ ያሉ ሐኪሞች ኢትዮጵያውያኑን ስኳር የሚይዛቸው ገና ቀጭን ሳሉ መሆኑን ደጋግመው አይተዋል። የኑሮ ለውጡ ፈጣን ነው። ስንዴው፣ ለስላሳው፣ መቀመጡ። እኛም እዚህ አውሮፕላን ሳንሳፈር ወደዚያው እየሄድን ነው። ጾም ነው እያልን በነጭ ዱቄት ዳቦና በፓልም የተጠበሰ ሳምቡሳ የምንውልበት ቀን ስንት ነው? ፓልም ከዕፅዋት ስለሆነ ኮሌስትሮል የለውም፤ ከስቡ ግማሽ ያህሉ ግን የሚረጋው ዓይነት ነው። ጉበትን መጥፎውን ኮሌስትሮል እንዳይለቅም የሚያሰንፈውም እሱ ነው።

ባለፈው እሑድ እንደገና ሄድኩ። ስለ ሩዙ ነገርኳቸው፣ ስለ ዶሮዎቹም ነገርኳቸው። እትዬ ቡና እያፈሉ ነበር።

«ከሻጋታ ነው ያልከኝ?» አሉ ጋሼ።

«ከሻጋታ። ፔኒሲሊንስ ከምን መሰለዎት?»

«ፔኒሲሊንማ ጠቅሞኛል።» ቡናቸውን ፉት አሉ። «ዶሮዋ ግን አልዳነችም አይደል? ታርዳለች።»

ስለ ኤንዶ አንድ ነገር ሆን ብዬ ሳልነግራቸው ቀረሁ። ሰውዬው ሸምግለው ኮሌስትሮላቸው ከፍ ሲል፣ የራሳቸውን ግኝት ከመዋጥ ይልቅ መጀመሪያ ስፖርት ብለው ነበር ይባላል። ይህን ጋሼ ቢሰሙ አለቀልኝ።

ረቡዕ ቀጠሮ አላቸው። ሦስቱን ፓኬት በፌስታል ይዘው ሄደው፣ እግራቸውንም እንደሚያሳዩ፣ «ለምን እንደምወስደው ንገረኝ» ብለው እንደሚጠይቁ ተስማማን። ዋጧቸው ወይ ካላችሁኝ፣ አልዋጡም። መነጽራቸው ለካ ከፍሪጁ ላይ ነበር። አደረጉት። ከአንዱ ፓኬት ውስጥ ያቺን ብዙ ጊዜ የታጠፈች ወረቀት አወጡና ዘረጓት። ፊደሏ ጉንዳን ነው የምታክለው። ወደ መስኮቱ ዞር ብለው ማንበብ ጀመሩ።